አራተኛው ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ለምን ይዘጋል? ምግብ፣ እንቅልፍና የቼዝ ልምምድ

ጥያቄ፦ «26 ዓመቴ ነው። ሬቲንጌ (የቼዝ ደረጃ ነጥቤ) 1600 አካባቢ ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ በቀን ሁለት ዙር ባላቸው ውድድሮች እጫወታለሁ። የሚሰጠን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ፣ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ደግሞ 30 ሰከንድ ጭማሪ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዓታት ጥሩ እጫወታለሁ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቴ ይዘጋብኛል፤ በእጄ የገባውን ጨዋታ ገደል እከተዋለሁ። ቁርስ አልበላም። ቀኑን በቡናና በኢነርጂ መጠጥ ነው የምገፋው። ማታ ማታ የኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ቪዲዮ አያለሁ፤ ከዚያ እንቅልፌ እስኪመጣ ብሊትዝ (የጥቂት ደቂቃ ፈጣን ጨዋታ) እጫወታለሁ። ምን ልብላ? ለአእምሮ ይጠቅማሉ እየተባሉ የሚሸጡት እንክብሎችስ ይሠራሉ? ልምምዴንስ እንዴት ላስተካክል? ሰሌዳው ላይ ሆኜ መብላትስ ይፈቀዳል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ከቼዝ ተጫዋቾችም ጋር እሠራለሁ። ስለዚህ «ይህን ብላ» ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምግብ የቼዝ ችሎታ አይጨምርም። 1600 የሆነን ሰው 1800 የሚያደርግ ቁርስ የለም። ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ የሚሠሩት ሥራ ሌላ ነው፤ ያለህን 1600 እስከ ጨዋታው መጨረሻ እንዳታጣው ያደርጉሃል። አንተ የምትለው ችግር ደግሞ በከፊል ብቻ ነው የምግብ ችግር።

እስቲ አብረን እናስላ። 90 ደቂቃ አለህ። እስከ 40ኛው እንቅስቃሴ በጭማሪ የምታገኘው 20 ደቂቃ ነው። ድምሩ 110 ደቂቃ ሆነ። ተጋጣሚህም እንደዚያው፤ ሁለታችሁም ጊዜያችሁን ከተጠቀማችሁ 40ኛው እንቅስቃሴ ላይ የምትደርሱት ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ነው። እንግዲህ «ጭንቅላቴ ይዘጋል» የምትልበት አራተኛው ሰዓት፣ ሰዓትህ ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚቀርበት ሰዓት ነው። ደክሞህ ነው? ርቦህ ነው? ወይስ ጊዜ አልቆብህ በጥድፊያ እየተጫወትክ ነው? ሦስቱም ከውስጥ ሲሰሙህ አንድ ዓይነት ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ የቤት ሥራ አለህ። በሚቀጥለው ውድድር፣ በየጥቂት እንቅስቃሴው የቀረህን ደቂቃ በመመዝገቢያ ወረቀትህ ላይ ጻፍ። ሕጉ ይፈቅዳል። ቤትህ ስትገባ ጨዋታውን ያበላሹትን ስህተቶች ለይና ሰዓቱን ተመልከት። ስህተቶቹ አምስት ደቂቃ ከቀረህ በኋላ የመጡ ከሆነ ጣጣህ የሰዓት አጠቃቀም ነው፤ ሙዝ አያድንህም። ሃያ ደቂቃ እያለህ ሳታስብ በቅጽበት ያደረግካቸው ከሆኑ ግን ያ የድካም ምልክት ነው። በቂ ጊዜ ኖሮህ፣ አስበህም ከሳትክ ደግሞ ቦታውን አታውቀውም ማለት ነው፤ በተለይ ኤንድጌም (ጥቂት ጠጠር የቀረበት የጨዋታው መጨረሻ) ላይ። እኔ ጋ ከሚመጡት ተጫዋቾች ብዙዎቹ «ድካም ነው» ብለው ይመጡና ወረቀታቸው ሲታይ ሰዓት ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ሰውነት እንምጣ። «ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ያለው ተጫዋች) በአንድ ቀን 6000 ካሎሪ ያቃጥላል» የሚል ወሬ ሰምተህ ይሆናል። በበኩሌ አላምንበትም። አእምሮ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጠንክረህ ስታስብ የሚጨመረው በጣም ትንሽ ነው። በጭንቀት የልብ ምት ከፍ ይላል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ያም ቢሆን ተቀምጦ የሚጫወት ሰውን የማራቶን ሯጭ አያደርገውም። ይህን የምልህ ለክርክር አይደለም። «ብዙ አቃጥያለሁ» ብሎ በሁለት ዙር መካከል ሆዱን የሚሞላ ተጫዋች ብዙ ነው። ከባድ የአእምሮ ሥራ የሠሩ ሰዎች ያን ያህል ሳይራቡ አብዝተው እንደሚበሉ ደግሞ በጥናት ታይቷል።

ታዲያ የሚያደክመን ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ሰዎችን ከስድስት ሰዓት በላይ ከባድ የአእምሮ ሥራ አሠሯቸው፤ ሌሎቹን ቀላል። ከባዱን የሠሩት ሰዎች የአእምሯቸው የፊተኛ ክፍል ውስጥ ግሉታሜት የሚባለው ንጥረ ነገር ተከማችቶ ተገኘ። ውሳኔያቸውም ተለወጠ፤ ቶሎ ወደሚገኝና ልፋት ወደማይጠይቅ ነገር አዘነበሉ። ለቼዝ ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አራተኛው ሰዓት ላይ «ይሁን፣ ልብላው» ብለህ ወታደሩን የምትበላው፣ ቀጥሎ የሚመጡትን እንቅስቃሴዎች እስከ መጨረሻው ማስላት ስለሰለቸህ ነው። ነዳጅ ስላለቀ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስኳር ይፈታው ነበር። አይፈታውም። የሚሻለው ዕረፍትና እንቅልፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ዱባይ ላይ የሆነውን አስታውስ። የዚያን ጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ካርልሰንና ተፎካካሪው ኔፖምኒያሺ ስድስተኛውን ጨዋታ 136 እንቅስቃሴ፣ ሰባት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተጫወቱ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ነው። ካርልሰን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ኔፖምኒያሺ እሱን በመሰለ ተጫዋች የማይጠበቁ ቀላል ስህተቶች እየሠራ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አስራ አንደኛውን ተሸነፈ። የሞራልም ጉዳይ አለበት፣ አልክድም። ካርልሰን ግን ለዓመታት ሩጫና እግር ኳስን የዝግጅቱ ክፍል ያደረገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የካርፖቭና የካስፓሮቭ የዓለም ሻምፒዮና ፍልሚያ ደግሞ 48 ጨዋታ ደርሶ፣ አሸናፊ ሳይለይ በየካቲት 1985 ተቋረጠ። ካርፖቭ በእነዚያ ወራት 10 ኪሎ ያህል ቀንሷል ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ወሬው እውነት ከሆነ ያን ያህል ኪሎ ያወረደው ማሰቡ ሳይሆን ለወራት የቆየ ጭንቀት፣ የጠፋ እንቅልፍና የተዘጋ የምግብ ፍላጎት ነው።

እንቅልፍን ከምግብ በፊት ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ እ.ኤ.አ. በ1997 በተሠራ ጥናት ታይቷል። ሁለተኛው ዙር ማታ የሚያልቅ ከሆነና አንተ ጎህ ሲቀድ ከተነሳህ፣ ኤንድጌሙን የምትጫወተው እንደ ሞቅታ ባለ ሁኔታ ነው። ብሊትዝ እስከ እኩለ ሌሊት የሚለውን ተወው። ከመተኛትህ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩን አስቀምጥ። «አንድ ብቻ» እያሉ አሥር መጫወትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላም ነገር አለ። የሚቀጥለው ቀን ተጋጣሚ በታወቀ ቁጥር እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ጨዋታዎቹን የሚያጠና ተጫዋች አለ። በአንተ ደረጃ ያ ኪሳራ ነው። ተጋጣሚህ ያዘጋጀኸውን ነገር የመጫወቱ ዕድል ጠባብ ነው፤ የተኛህበት ሁለት ሰዓት ግን ማንም ቢመጣ ይጠቅምሃል።

ቁርስ። ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለህ ብላ። ቀስ ብሎ የሚፈጭ ነገር ይሁን፤ እንቁላል ካልተፈተገ እህል ዳቦ ጋር፣ ወይም አጃ ከእርጎና ከፍራፍሬ ጋር። ነጭ ዳቦ ከማርማላታና ከጣፋጭ ጭማቂ ጋር ከሆነ የደምህ ስኳር ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖም ይወርዳል። በዚህ ላይ ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ቃል አይናገሩም፤ አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማውም። ሆኖም ለአምስት ሰዓት የምትቀመጥ ሰው ስለሆንክ ጠንቃቃው ምርጫ ይሻላል። ካርልሰን ጨዋታ ላይ ይጠጣው የነበረውን የብርቱካን ጭማቂ ትቶ፣ የቸኮሌት ወተት ከተራ ወተት ጋር ወደ መቀላቀል እንደሄደ ተዘግቧል። ምክንያቱ ይኸው የስኳር መውጣትና መውረድ ነው። ቁርስ ለምደህ ካላወቅክ ደግሞ በውድድሩ ጠዋት በድንገት ሆድህን አትሙላ። ከሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ በትንሹ ጀምር። አዲስ ምግብ በውድድር ቀን አይሞከርም። ይህን ሕግ የጣሰ ሰው ጨዋታውን መጸዳጃ ቤትና ሰሌዳ መካከል ሲመላለስ ይጨርሳል።

ከባዱ ፈተና በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለው ምሳ ነው። ከቀትር በኋላ ሰውነት በተፈጥሮው ይደክማል፤ ምንም ባትበላም። በላዩ ላይ ቅባት የበዛበት ሙሉ ሳህን ስትጨምርበት ሁለተኛውን ዙር እያዛጋህ ትጀምራለህ። ጨዋታህ እንዳለቀ ቶሎ ብላ። ከለመድከው ምሳ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይበቃል። ዶሮ ወይም ዓሣ ወይም ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ መጠነኛ ሩዝ ወይም ድንች። ከዚያ ውጭ ወጥተህ ተራመድ። ጊዜ ካለህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርግ፤ ማንቂያ ሞልተህ። ከዚያ በላይ ከተኛህ ስትነሳ ድንዝዝ ትላለህ። የተሸነፍከውን ጨዋታ በዚህ ሰዓት ከሰው ጋር አትተንትን። የምትቆጥበው ኃይል እዚህ ነው ያለው፤ ግን ስንት ጊዜ ብናገር የሚሰማኝ የለም።

ውጭ ውጣ የምለው ለእግርህ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በተካሄዱ ውድድሮች የአዳራሹን አየር እየለኩ የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የመረመሩ ተመራማሪዎች አሉ። አየሩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ብናኝ ሲጨምር ስህተቱም ጨመረ። በተለይ 40ኛው እንቅስቃሴ ሲቃረብና ጊዜ ሲያጥር። አዳራሹን መቀየር አትችልም። የምታጠናበትን ክፍል መስኮት ግን መክፈት ትችላለህ።

ውሃ ላይ አላስረዝምም። የሰውነትህን ክብደት 2 በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣህ ትኩረትህ ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠህ ይህን ያህል በፍጥነት አታጣም፤ ግን ከማታ ጀምሮ ውሃ ሳትጠጣ ከመጣህ ጉድለቱን ይዘኸው ነው የምትቀመጠው። ጠዋት ጠጣ፣ ጨዋታ ላይ ጎንጨት እያልክ ቀጥል። ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ሙዝ ወይም ጭብጥ ለውዝ ጨምር። በቃ።

ቡናህ ጋ ስደርስ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሰዓት አጠቃቀምህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 39 ቼዝ ተጫዋቾች ካፌይን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት የሚባሉትን አነቃቂ መድኃኒቶች ወይም ባዶ እንክብል እየወሰዱ ከኮምፒውተር ጋር ተጫወቱ። ለአንድ ጨዋታ 15 ደቂቃ ነበራቸው። ከ3000 በላይ ጨዋታ ተሰበሰበ። ውጤቱ ያስገርማል። አነቃቂ የወሰዱት ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ረዘም ያለ ጊዜ ማሰብ ጀመሩ፤ በሰዓት የተሸነፉትም በዙ። በሰዓት የተሸነፉት ጨዋታዎች ሲወጡ ነው በሞዳፊኒልና በሜቲልፌኒዴት መሻሻል የታየው። ማለትም ካፌይን ረዘም ላለ ጊዜ እንድታስብ ሊያደርግህ ይችላል፤ ሰዓቱን ግን ይበላብሃል። አንተ ደግሞ ድሮም ሰዓት የሚያጥርህ ሰው ልትሆን ትችላለህ።

ስለዚህ ቡና ተው አልልህም። በአንድ ጊዜ ካቆምክ ራስ ምታቱ ይጨርስሃል። ከጨዋታው 30 ወይም 40 ደቂቃ በፊት አንድ ሲኒ ጠጣ። ከሁለተኛው ዙር በፊት ካስፈለገ ግማሽ። ካፌይን ሰውነትህ ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰዓት በኋላ የጠጣኸው ማታ እንቅልፍህን ይነካል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ የበለጠ ቡና ትፈልጋለህ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ችግር አያስከትልበትም ይባላል። ቡናውንና ኢነርጂ መጠጡን ስትደምር ግን እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ኢነርጂ መጠጡን ሙሉ በሙሉ ብትተወው እመርጣለሁ። ካፌይኑን ከቡና ታገኛለህ፤ ስኳሩን አትፈልገውም። የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብህ ይህን ሁሉ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት።

እንክብሎቹ? ገንዘብህን አታባክን። በደንብ የሚበላ ጤነኛ ወጣትን በቼዝ የሚያሻሽል እንክብል ተረጋግጦ አላየሁም። ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት ደግሞ የሐኪም ትእዛዝ የሚጠይቁ መድኃኒቶች ናቸው፤ በውድድር ወቅትም የተከለከሉ ናቸው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግን ይከተላል። ካፌይን አልተከለከለም።

ስፖርት። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጣን እርምጃ፣ ሩጫ፣ ዋና፣ የወደድከው ይሁን። ሬቲንግ ይጨምራል ብዬ አልሸነግልህም። እንቅልፍህን ያስተካክላል፣ ጀርባህ አምስት ሰዓት መቀመጥን ይችላል፣ ጭንቀትን መሸከም ትለምዳለህ። አሜሪካዊው ፊሸርም የዓለም ሻምፒዮን ከሆነበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ ፍልሚያ በፊት በዋናና በቴኒስ ራሱን ያዘጋጅ ነበር። በውድድር ቀን ግን ሩጫ የለም። 20 ደቂቃ መራመድ ይበቃል።

ልምምድህ ላይ ግን ጠንከር ልበል። የምታደርገው ነገር ከምትወዳደርበት ነገር ጋር አይመሳሰልም። ማታ ቪዲዮ ታያለህ፣ ሦስት ደቂቃ ብሊትዝ ትጫወታለህ፤ ቅዳሜ ግን አራት ሰዓት ተቀምጠህ ብቻህን እንድታሰላ ትጠየቃለህ። አራተኛውን ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ አግኝተኸው አታውቅም! የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦትቪኒክ በትንባሆ ጭስ ይረበሽ ስለነበር፣ በልምምድ ጨዋታ ላይ የልምምድ አጋሩ ራጎዚን ጭስ እንዲያጨስበት ያደርግ ነበር ይባላል። ጭሱን ተወውና ሐሳቡን ውሰድ። በሳምንት አንድ ጊዜ ረጅም ጨዋታ ተጫወት፤ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃ የሚሰጥ። ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን። ሰሌዳው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን፤ ስክሪን ላይ የለመደ ዓይን እውነተኛ ሰሌዳ ላይ ይደናገራል።

የተጫዋቾችን ታሪክ የመረመሩ ጥናቶች ከሬቲንግ ጋር በብርቱ የተያያዘ ሆኖ ያገኙት ብቻን ሆኖ የሚደረግ ጠንካራ ጥናትን ነው። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ማስተር ለመሆን አንዱ 3,000 ሰዓት ያህል ሲበቃው ሌላው ከ23,000 በላይ ወስዶበታል። ከሌላው ጋር አትወዳደር። ግን ቪዲዮ ማየት ጥናት አይደለም። ጥናት ማለት መልሱ ሳይታይህ ራስህን ማስጨነቅ ነው።

በሥራ ቀን አንድ ሰዓት ካለህ እኔ እንዲህ እከፍለው ነበር። ግማሹን ሰዓት ታክቲክ (በጥቂት እንቅስቃሴ የሚፈታ የቼዝ እንቆቅልሽ)፤ ጠጠር ሳትነካ እስከ መጨረሻው አስላ፣ መልስህን ጻፍ፣ ከዚያ ብቻ አረጋግጥ። አምስት ከባድ ጥያቄ ከሃምሳ ቀላል ይሻላል። በቀረው ጊዜ አንድ ቀን የራስህን ጨዋታ፣ አንድ ቀን ኤንድጌም። የራስህን ጨዋታ በኮምፒውተር ከማየትህ በፊት በራስህ ተንትነው፤ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ያሳይሃል እንጂ በዚያች ደቂቃ ምን አስበህ እንደነበር አይነግርህም። ኤንድጌም ላይ መሠረታዊዎቹን የግንብና የወታደር ቦታዎች በደንብ ካወቅክ አራተኛው ሰዓት ላይ ማስላት ሳይሆን ማስታወስ ይሆናል ሥራህ። የደከመ ጭንቅላት ያስታውሳል፤ አያሰላም። ኦፕኒንግ ለአንተ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ይህን ስል የሚቆጡ አሰልጣኞች አሉ፤ ይቆጡ።

ሰዓትህን ደግሞ በደንብ ያዝ። 110 ደቂቃ ለ40 ሲካፈል ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። 20ኛው እንቅስቃሴ ላይ ስትደርስ ሰዓትህ ላይ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይኑር። ሁለት እኩል የሚመስሉ እንቅስቃሴዎች መካከል አሥር ደቂቃ ከዋለልክ፣ አንዱን ምረጥና ሂድ። ተጋጣሚህ ሲያስብ አልፎ አልፎ ተነሳና ተራመድ፤ ተመልሰህ ስትቀመጥ ሰሌዳውን እንደ አዲስ ተመልከት።

የመጨረሻው ጥያቄህ ስለ መብላት ነበር። ውሃ አጠገብህ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ምግብን በተመለከተ የውድድሩን ደንብ አስቀድመህ ዳኛውን ጠይቅ። ሕጉ ተጋጣሚን በማንኛውም መንገድ መረበሽን ይከለክላል፤ የሚንኮሻኮሽ ላስቲክና የሚሸት ምግብ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መክሰስ የሚበላበት ቦታ ካለ ለውዝህን እዚያ ሄደህ ብላ፤ ግን ተራው የተጋጣሚህ ሲሆን ብቻ። ተራው ያንተ ሆኖ ሳለ ያለ ዳኛ ፈቃድ ከመጫወቻው ቦታ መውጣት አይፈቀድም፤ ደግሞም የሚቆጥረው ያንተው ሰዓት ነው።